ደቦ ወይስ የአንድ ቀን ዘመቻ? ስለ ዕድሜ ጠገብ ቤቶች እድሳት

በከተሞቻችን መሐል ቆመው የቀሩት ዕድሜ ጠገብ ቤቶች ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንደኛው «ያረጀው ይፍረስና በምትኩ አዲስ ይሠራ» ይላል። ሁለተኛው «ቅርስ ነውና ማንም አይንካው፤ ይታጠር፣ ይቆለፍ» ይላል። ሁለቱ የሚጣሉ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ቤቱ በሚገኝበት ሠፈር የሚኖረው ሕዝብ በጉዳዩ የሚለውም የሚሠራውም ነገር የለም ብለው ማመናቸው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሦስተኛ ድምፅ ተጨምሯል። ወጣቶች፣ ጡረተኞች፣ ተማሪዎችና የሠፈር ሽማግሌዎች በበጎ ፈቃድ ተሰባስበው አሮጌውን ቤት ለማደስ፣ ካደሱም በኋላ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለመሰብሰቢያና ለኪነት መለማመጃ ለማዋል የሚነሡበት ጊዜ መጥቷል።

ይህ ሦስተኛው ድምፅ ከሁለቱ የተሻለ ነው። የተሻለ በመሆኑም ከሁለቱ ይልቅ ብርቱ ሂስ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ክፉ ሐሳብ በክፋቱ ስለሚታወቅ ተከራካሪ አያጣም፤ በጎ ሐሳብ በተሳሳተ መንገድ ሲጓዝ ግን የሚያቆመው ሰው አያገኝም። ጉልበቱን በነፃ የሚሰጠውን ወጣት «ተው፣ ቤቱን እያደስከው ሳይሆን እየገደልከው ነው» የሚል ማን ነው? ያም ሆኖ ሊባል ይገባል። በበጎ ፈቃድ ስም የሚደረገው የአሮጌ ቤቶች እድሳት በአመዛኙ የአንድ ቀን ዘመቻ ሆኗልና። አሮጌ ቤት ደግሞ በአንድ ቀን ዘመቻ አይድንም። የሚድነው አገሩ ከጥንት ጀምሮ በሚያውቀው በደቦ ሥርዓት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አብጠርጥሮ ማየት የካድሬውም፣ የመምህሩም፣ የኪነት ባለሙያውም ግዴታ ነው።

በመጀመሪያ የአንድ ቀን ዘመቻ ምን እንደሚመስል እንመልከት። ቀኑ አስቀድሞ ይወሰናል፤ የሚወሰነውም ቤቱን በመረመረ ግንበኛ ሳይሆን የእንግዶችን ፕሮግራም በያዘ ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ ዓይነት ካናቴራ ይታደላል። ሲሚንቶ በኩንታል፣ የፕላስቲክ ቀለም በባልዲ ይመጣል። ረፋዱ ላይ ንግግር ይደረጋል፣ ባለሥልጣኑ ብሩሽ ይይዛል፣ ካሜራው ይሠራል። እስከ ማታ ድረስ የተሰነጠቀው ግድግዳ በሲሚንቶ ልስን ይሸፈናል፣ ዕድሜውን የሚናገረው የእንጨት በረንዳ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይለብሳል፣ ያዘነበለው በር ተነቅሎ የብረት በር ይገጠማል። በማግስቱ ቤቱ ታድሷል ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ጣሪያው ግን ያው ነው። አሸንዳው ያው ነው። ከግድግዳው ሥር የተከመረው አፈርና ጉድፍ ያው ነው። በዓመቱ ልስኑ ከነጭቃው ተገንጥሎ ሲወድቅ የሚያየው ካናቴራ ለባሹ ሳይሆን የሠፈሩ ነዋሪ ብቻ ነው።

ይህ ለምን ይሆናል? ምክንያቱን ለመረዳት ቤቱ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያሻል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በነበሩት የመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት የተሠሩት ታላላቅ ቤቶች ብዙዎቹ የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ናቸው። የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ግንበኞችና አናጢዎች ከአገሬው ባለሙያ ጋር እየተባበሩ ሠፊ በረንዳ፣ የተቀረጸ የእንጨት ክፈፍና ቁልቁለቱ የበዛ ጣሪያ ሰጥተዋቸዋል። አካላቸው ግን አገሬው ለዘመናት የሚያውቀው ነው፤ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ በላዩ የቆመ እንጨት፣ እንጨቱን የሚያስተሳስር ማገር፣ በማገሩ ላይ በጤፍ ጭድ የቦካ ጭቃ፣ በጭቃው ላይ ስስ የኖራ ቅብ። ይህ ግድግዳ በዝናብ ወራት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ መልሶ ይተፋል። እርጥበት እየሳበ መልሶ እየተፋ መኖሩ የጤናው ምልክት ነው። የድንጋዩ መሠረት ከሥር የሚመጣውን ውኃ ይከላከላል፤ የበረንዳው ክዳን ደግሞ ከላይ የሚመጣውን። ሁለቱ እስከሠሩ ድረስ የጭቃ ቤት ከመቶ ዓመት በላይ ይቆማል። ከከተማዋ የመጀመሪያ ዘመን ተርፈው እስከ ዛሬ የቆሙት ቤቶች ራሳቸው ለዚህ ምስክር ናቸው።

በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን መለሰን ለሚተነፍስ ሰው አፉንና አፍንጫውን እንደመድፈን ነው። ሲሚንቶው ደረቅና ግትር ነው፤ ጭቃው ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮት አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህም ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃ ተመልሶ መውጫ ያጣል። ያ ውኃ በውስጥ ተቀምጦ ቋሚውን እንጨት ያበሰብሳል፣ ምስጥንም ይጋብዛል። ከውጭ የሚያየው ሰው ያማረ ግድግዳ ያያል፤ በውስጥ ግን ቤቱ እየፈረሰ ነው።

ይህ በሠፈር ቤቶች ላይ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። የጎንደር አብያተ መንግሥት በፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት ተጠግነው ነበር። ግንቦቹ በመጀመሪያ የተሠሩት በኖራ ነበርና እነዚያ ባዕድ ዕቃዎች ለግንቡ የማይስማሙ ሆነው ተገኝተዋል፤ ኋላ የመጣው ጥገናም ስሕተቱን ለማረም ወደ ኖራው መመለስ ግድ ሆኖበታል። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር፤ ያም የተደረገው ከዝናብ ለመከላከል ታስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢጣልያዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ የሚመራው ቡድን ካከናወናቸው ሥራዎች አንዱ ያንን ቅብ መፋቅ ነበር። በቅን ልቡና የተቀባውን ለመፋቅ የሚጠፋው ድካም ለመቀባት ከጠፋው እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ ታላላቆቹ ሐውልቶች፣ የዓለም ዓይን ያረፈባቸው፣ ከዚህ ስሕተት ካልዳኑ፣ ማንም የማይመዘግበው የሠፈር ቤት በቅዳሜ ዘመቻ እንዴት ይድናል?

ሌላም ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። የበጎ ፈቃድ ሥራ በአገራችን ወቅት አለው፤ ወቅቱም ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ወጣቱ ለአረጋውያን ቤት እድሳት፣ ለችግኝ ተከላና ለጽዳት ይሰማራል። ችግኝ በክረምት መተከሉ ትክክል ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ በቆርቆሮ መድፈንም ቢሆን በክረምት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በሐምሌ የተመረገ ጭቃ መቼ ይደርቃል? በነሐሴ ጉም የተቀባ ኖራ እንዴት ይጠነክራል? የገጠሩ ሰው ቤቱን የሚመርገው አዝመራው ሲያበቃ፣ ጭዱ ሲገኝና ፀሐይዋ ስትበረታ ነው። ጣሪያውን የሚያየው ደግሞ ክረምት ከመግባቱ በፊት ነው። የትምህርት ቤት ካላንደርን ተከትሎ የሚሠራ እድሳት የቤቱን ካላንደር አያውቅም። ዘመቻ የሚሻው ሰው ባዶ ጊዜ ያገኘበትን ወቅት ነው፤ ደቦ ግን የሥራውን ወቅት ይጠብቃል። ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ሲባል የሚደሰቱ ወገኖች ይኖራሉ። «ብለን አልነበረም? ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ ነው፤ ሕዝቡ እጁን ይሰብስብ» ይላሉ። እነዚህም ቢሆኑ መልስ ሊሰጣቸው ይገባል። እርግጥ ነው፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የማንኛውም ቅርስ ጥገና በቅድሚያ የሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል። ይህ ትክክለኛ ሕግ ነው፤ ሊከበርም ይገባል። ነገር ግን ሕጉ ፈቃድ ጠይቁ አለ እንጂ በሩን ቆልፋችሁ ጠብቁ አላለም። የተቆለፈ ቤት ማንም ሳይነካው ይሞታል። አንድ ቆርቆሮ በነፋስ ይነሣል፤ በውስጡ የሚኖር ወይም የሚሰበሰብ ሰው ቢኖር በማግስቱ በምስማር ይመታው ነበር። ሰው ስለሌለ ግን ውኃው በዚያ ቀዳዳ ክረምቱን ሁሉ ይወርዳል፣ በሦስተኛው ዓመት ወራጁ ይበሰብሳል፣ በአምስተኛው ጣሪያው ይገባል። ከዚያ በኋላ ኮሚቴ ተቋቁሞ «ቤቱ ለአደጋ የተጋለጠ ስለሆነ ይፍረስ» የሚል ውሳኔ ይሰጣል። እንዲህ ባለው አሠራር ቆላፊውና አፍራሹ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይፈጽማል።

የዓለም የቅርስ ባለሙያዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ ባጸደቁት ቻርተር ሐውልትን ለማኅበረሰቡ ለሚጠቅም አገልግሎት ማዋል ጥበቃውን እንደሚያግዝ ተስማምተዋል፤ ብቸኛው ገደብ አገልግሎቱ የሕንፃውን አቀማመጥና ጌጥ የማይለውጥ መሆኑ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ግን ቬኒስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ጎንደር የሚገኘውን የፋሲለደስን ባሕረ ጥምቀት መመልከት ይበቃል። ገንዳው በየዓመቱ ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። ውኃ የሚሞላ ነገር ቢሰነጠቅ ያፈሳልና ስንጥቁ ይታያል፤ በዓሉ የሚቀር አይደለምና ጥገናው አይረሳም። ሕዝቡ የሚጠቀምበት ሕንፃ ጠባቂው ራሱ ሕዝቡ ነው።

ታዲያ ብዙዎቹ የከተማ ቤቶች እንዲህ ያለ ጠባቂ ያጡት ለምንድን ነው? ምክንያቱን በዕድሜ ብቻ ማሳበብ ራስን ማታለል ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በየቀበሌው ሥር ገቡ። የመሳፍንቱና የባለጸጎቹ ሠፋፊ ቤቶችም ለመሥሪያ ቤት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ ዋሉ፤ ሌሎቹ በጣውላና በአቡጄዲ ተከፋፍለው የብዙ ቤተሰብ መኖሪያ ሆኑ። ጣሪያ ለሌለው ጣሪያ መስጠቱ ጽድቅ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ ዝቅ ሲል የጥገናው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አልታሰበም። ተከራዩ ግድግዳ ቢነካ ተጠያቂ ነው፤ ቀበሌው በጀት የለውም፤ የቀድሞው ባለቤት ሄዷል። የሁሉም የሆነ ቤት የማንም ሆኖ ቀረ። የኋላዎቹም ዘመናት ይህን ጥያቄ መልስ ሳይሰጡት እያንከባለሉ አሳለፉት። እንግዲህ የቤቶቹ ዋነኛ በሽታ የባለቤት ማጣት ነው። የአንድ ቀን ዘመቻ ደግሞ ይህን በሽታ አያድንም፤ ዘማቹ አመሻሹ ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳልና።

ደቦ ግን የተሠራው ለዚሁ ነው። እንደየአካባቢው ደቦ፣ ጅጊ፣ ወንፈል እየተባለ የሚጠራው የኅብረት ሥራ ሰውን ዝም ብሎ የመሰብሰብ ልማድ አይደለም፤ ሕግ ያለው ተቋም ነው። በደቦ ጠሪው የታወቀ ነው፤ ማሳው የእገሌ፣ ቤቱ የእገሊት ነው። ሥራው የታወቀ ነው፤ አጨዳ ከሆነ አጨዳ፣ ምርግ ከሆነ ምርግ። የሚያውቅ ሰው ቃል ይሰማል፤ ቋሚ የሚተክለውና ማገር የሚያስረው የለመደ እጅ ነው፣ ጭቃ የሚረግጠው ብዙው ነው፣ ልጁም ውኃ ያመላልሳል። ደግሞም ብድር አለበት፤ ዛሬ የረዳ ነገ ይረዳል፣ ዛሬ የቀረ ነገ ይታዘቡታል። ከሁሉም በላይ ሠሪው ጎረቤት ነውና የሠራውን ነገር ሲፈርስም ሲቆምም በየቀኑ እያየው ይኖራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል በየዘመቻው መክፈቻ ይደጋገማል። ሎሚውን በጌጥነት ይዞ መቆምና ፎቶ መነሣት ግን በቂ አይደለም፤ ከየት እንደተለቀመና ወዴት እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለው ሥርዓት ለገጠር ጎጆ እንጂ ለታላቅ ሕንፃ አይሆንም የሚል ካለ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይመልከት። በማሊ የምትገኘው የጄኔ ከተማ ታላቁ መስጊድ ከጭቃ የተሠራ ነው። ዛሬ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ1907 እንደገና የተገነባው ሲሆን፣ ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ይህን ሕንፃ የሚያኖረው የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ በፊት የሚያደርገው የኅብረት ምርግ ነው። ወጣቱ ጭቃውን ተሸክሞ ይሮጣል፣ ሴቶቹ ከወንዝ ውኃ ይቀዳሉ፣ ሠፈር ከሠፈር ይፎካከራል። ከግድግዳው ወጥተው የሚታዩት እንጨቶች ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ መራጊው የሚወጣባቸው መሰላል ናቸው። የሠሩት ሰዎች ሕንፃው በየዓመቱ እንደሚመረግ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ወጣት እንደፈቀደው አይመርግም። የግንበኞቹ ማኅበር ይመራዋል፤ ጭቃው መብሰል አለመብሰሉን የሚወስነው፣ የት ስንት እንደሚመረግ የሚያዝዘው እርሱ ነው። ይህም ሆኖ በየዓመቱ የተደራረበው ምርግ ከጊዜ ብዛት ለሕንፃው ሸክም ሆኖበት፣ በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በተደረገው ጥገና ትርፉ ሽፋን ተፍቆ እንዲነሣ ተደርጓል። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የሕዝቡ እጅ ባይኖር ሕንፃው አይኖርም ነበር፤ የባለሙያው ዓይን ባይኖር ደግሞ የሕዝቡ ፍቅር ራሱ ይጫነው ነበር።

«ዘመቻን እንዲህ መንቀፍ ተገቢ ነውን? በዘመቻ ማንበብና መጻፍ የተማረ ሕዝብ አይደለምን?» የሚል ጠያቂ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ክብደት አለው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በሂደት በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት ለአገሪቱ አስገኝቷል። ነገር ግን ያ ዘመቻ በስሙ ዘመቻ ቢባልም በአንድ ቀን የተከናወነ አልነበረም። ዙር ነበረው፤ ከዙር በኋላ ዙር ነበረው። መጽሐፍ ነበረው፣ መምህሩ ሥልጠና ነበረው፣ ፈተና ነበረው፣ ፊደል የቆጠረው ሰው እንዳይረሳ የማጠናከሪያ ትምህርትና የንባብ ክፍል ታስቦለት ነበር። የንባብ ክፍሉ በተዘጋበት ቦታ የተማረው መልሶ ረሳ። እንግዲህ ያ ዘመቻ የሠራው ደቦን በመሰለበት መጠን ነው፤ የከሸፈውም ተመላሽ በሌለበት ቦታ ነው። ለቤቶቹም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ተመላሽ ያለው ሥራ።

ተመላሽ የሚኖረው ደግሞ ቤቱ አገልግሎት ሲኖረው ነው። ከተማው ውስጥ መሰብሰቢያ የሌለው እድር ስንት ነው? ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን በአባላት ቤት ተከፋፍሎ የሚያስቀምጥ እድር አንድ አሮጌ ቤት ቢሰጠው ጣሪያውን አያሳድርም፤ ንብረቱ ይርስበታልና። መለማመጃ አጥቶ በየሜዳው የሚንከራተት የቴአትር ቡድን አንድ ሠፊ በረንዳ ቢያገኝ መድረኩ ያ ነው። የሚያነብበት ጸጥ ያለ ቦታ ያጣ ተማሪም በሩ እንዲከፈት በየማለዳው ይጠይቃል። ቤትና አገልግሎት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ምሳሌ አለ። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ የነበረው ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። በሐረር አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ያሰባሰቧቸው ቅርሶች በመጀመሪያ በገዛ ቤታቸው፣ ኋላም የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ታሪካዊ ቤት ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ሆነዋል። አንድ ሰው የጀመረው ነገር አንድን ቤት ከነከተማው ትዝታ አዳነ ማለት ነው።

ይሁንና አገልግሎት ሲባል የሚሸከመውንና የማይሸከመውን መለየት ያስፈልጋል። በዘመነ ምኒልክ የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ቃጠሎ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ በውስጡ የነበረው ጃዝአምባ የተባለው የሙዚቃ መድረክም አብሮ ጠፋ። ሆቴሉ ታድሶ ወደ ሥራ ተመልሷል። ከአደጋው የሚወሰደው ትምህርት «በአሮጌ ቤት ውስጥ ሙዚቃ አይኑር» የሚል ሊሆን አይችልም። ትምህርቱ የደረቀ የእንጨት ቤት የኤሌክትሪክ መስመሩ ሳይታይ፣ የእሳት ማጥፊያው ሳይቀመጥ፣ መውጫ በሩ ሳይከፈት ሰው ሊሞላበት አይገባም የሚል ነው። ቀለም ከመቀባት በፊት ሽቦ ይታያል። ይህ ለካሜራ አይመችም፤ ቤቱን የሚያኖረው ግን ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ስለ ጊዜውም መናገር ይገባል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ዕድሜ ጠገብ ሠፈሮች ተነሥተዋል። ከተማ መለወጡ አይቀርም፤ መንገድም፣ ፍሳሽም፣ ንጹሕ መኖሪያም የሕዝብ መብት ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ታድሶ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ መከፈቱም መንግሥት ሲፈልግ አሮጌን ማዳን እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው። ነገር ግን ቤተ መንግሥት ጠያቂ አያጣም። ጠያቂ የሚያጣው የነጋዴው፣ የአናጢው፣ የሻለቃው፣ የጠላ ሻጯ ቤት ነው። እነዚህ ከጠፉ ከተማዋ የነገሥታቱን ታሪክ ይዛ የሕዝቧን ታሪክ ትጥላለች። ስለሆነም የበጎ ፈቃደኞች ቦታ እዚህ ነው፤ በጀት በማይደርስበት፣ ዝርዝር ውስጥ በማይገባው ቤት። ቦታቸው ይህን ያህል ታላቅ ስለሆነ ነው ሥራቸው በቀለም ቅብ ሊያልቅ የማይገባው።

ሌላም ስሕተት አለ፤ በጎ ፈቃድን የደመወዝ ምትክ ማድረግ። «ወጣቱ በነፃ ይሠራል፣ ለአናጢ ለምን ይከፈላል?» የሚል የቢሮ ሒሳብ ከየትም ቢመጣ ሊወገዝ ይገባዋል። የእንጨት በረንዳ የሚቀርጽ፣ ኖራ የሚያበስል፣ ጭቃን በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ ባለሙያ እያለቀ ነው። ያለቀበትም ምክንያት ሥራው እንጀራ ስለማያበላው ነው። በጎ ፈቃደኛው የእርሱን እንጀራ ለመንጠቅ ከመጣ የሚጠፋው ቤቱ ብቻ ሳይሆን ቤቱን የሚያውቀው እጅም ነው። ጌታው ባለሙያ ይከፈለው፤ ወጣቱ ከእርሱ ሥር ሆኖ ይሸከም፣ ያቡካ፣ ይመልከት፣ ይማር። እንዲህ ከሆነ የበጎ ፈቃድ ቀን የትምህርት ቀን ይሆናል፤ በዓመቱም መጨረሻ ከአንድ የታደሰ ቤት ጋር አሥር የሚያድስ እጅ ይገኛል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መልሱ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ቤቱ ሳይነካ በፊት ይለካ፣ ይሣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ በውስጡ የኖሩ ሰዎች ይጠየቁ። የባለሥልጣኑ ፈቃድ ይያዝ። ከዚያ ሥራው ከላይ ይጀመር፤ ጣሪያው፣ ቀጥሎ አሸንዳው፣ ቀጥሎ ከግድግዳው ሥር የተከመረው አፈር ተጠርጎ የውኃ መውረጃው ይከፈት። ግድግዳው በራሱ ዕቃ፣ በራሱ ወቅት ይመረግ። ጤነኛ እንጨት አይነቀል፤ የበሰበሰው ብቻ በቢጤው ይተካ። ምን እንደነበረ ሳይታወቅ በግምት የሚጨመር ጌጥ ይቅር፤ ግምት የገባበት እድሳት ሐሰት ነው። ቀለም የመጨረሻ ይሁን። ከሁሉም አስቀድሞ ደግሞ ቤቱን ማን እንደሚጠቀምበት፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰን። ይህ ጥያቄ ያልተመለሰለት እድሳት ባይጀመር ይሻላል።

ለዚህም እያንዳንዱ ወገን ድርሻ አለው። ካድሬው የሠራውን ሥራ የሚለካው በተሰበሰበው ሰው ብዛትና በተቀባው ግድግዳ ስፋት መሆኑን ይተው፤ ቤቱ ከአምስት ክረምት በኋላ መቆሙን ይጠየቅበት። የንግግሩንም ቀን ወደ አምስተኛው ዓመት ያስተላልፈው። መምህሩ ተማሪዎቹን ብሩሽ ከማስያዙ በፊት ሜትርና እርሳስ ያስይዛቸው፤ የሠፈራቸውን አንድ ቤት መለካትና ባለታሪኩን መጠየቅ ከመጽሐፍ የማይገኝ የታሪክ ትምህርት ነው። የኪነት ባለሙያው ደግሞ በምረቃው ቀን መጥቶ ዘፍኖና ተውኖ የሚሄድ እንግዳ መሆኑን ያቁም። መድረክ የሚፈልግ እርሱ ነው፤ ታዲያ ጭቃውን ሲያቦካ ለምን አይታይም? በገዛ እጁ ባቆመው በረንዳ ላይ የሚጫወት ቡድን ጣሪያው ሲያፈስ ዝም አይልም።

ሠፊው ሕዝብ ያረጀ ቤቱን የሚወድደው ያረጀ ስለሆነ አይደለም። በውስጡ ስለተዳረበት፣ ስለተለቀሰበት፣ ፊደል ስለቆጠረበት ነው። ያንን ፍቅር ወደ ሥራ መለወጥ ይቻላል፤ ሥርዓቱም በየገጠሩ ማሳ ላይ እስከ ዛሬ አለ። ጠሪው ይታወቅ፣ ሥራው ይታወቅ፣ አዋቂው ይሰማ፣ ብድሩ ይከፈል። በጥቅምት ጭዱ ይሰብሰብ፣ በኅዳር ጭቃው ይቡካ፣ በግንቦት ጣሪያው ይታይ። በሐምሌ ዝናቡ ሲመጣ ቤቱ ሰው ተሞልቶ ይጠብቀው።